ጭብጨባና እርማት፤ ስለ ወጣቶች የንባብና የድርሰት መድረክ

በሕዝብ ቤተ መጻሕፍት ለወጣቶች ስለሚዘጋጀው የንባብና የድርሰት መድረክ ሂስ ለመስጠት የሚነሣ ሰው አስቀድሞ የራሱን ድርሻ መመርመር ይገባዋል። እኔም ሂሱን ከራሴ እጀምራለሁ። ከጥቂት ጊዜ በፊት በአንድ የሕዝብ ቤተ መጻሕፍት በእንግድነት ተገኝቼ ነበር። ዕድሜያቸው ከ13 እስከ 18 የሚደርስ ወጣቶች ተራ በተራ እየተነሡ ግጥም፣ ወግና አጭር ልቦለድ አነበቡ። አንዲት የ15 ዓመት ልጅ ስለ ባሕር የጻፈችውን ረጅም ግጥም አሰማች። ቤቱ ይመታል፤ ምጣኔውም አልተዛነፈም፤ ነገር ግን ማዕበሉም፣ መርከቡም፣ አሸዋውም በሌሎች ብዕር ደጋግመው ያለፉ ነበሩ። አዳራሹ አጨበጨበ፤ እኔም አጨበጨብሁ። በኋላ ወረቀቷን ይዛ ቀረበችና፣ «ጋሼ፣ ምኑን ላስተካክለው?» አለችኝ። ሰዓት ረፍዶብኝ ስለ ነበር፣ «በርቺ፣ ቀጥዪበት» ብያት ወጣሁ። ልጅቱ የፈለገችው አራሚ ነበር፤ ያገኘችው አንድ ተጨማሪ አጨብጫቢ ነው።

ይህ የእኔ ጥፋት ብቻ ቢሆን ኖሮ በዚህ መጽሔት ላይ ባልጻፍሁት ነበር። በየመድረኩ የሚታየው አሠራር ከዚህ ብዙም የራቀ አይደለም። ወጣቱ ያነብባል፤ ታዳሚው ያጨበጭባል፤ ዳኞች ሽልማት ይሰጣሉ፤ ከዚያ በኋላ ወረቀቱ የት እንደ ደረሰ የሚጠይቅ የለም።

የንባብ ሥፍራ ጉዳይ ከቀድሞው ይልቅ መሻሻሉ አይካድም። ወመዘክር በ1936 ዓ.ም. ተመሥርቶ ለብዙ ትውልድ አንባቢ በሩን ከፍቷል፤ በ2014 ዓ.ም. ደግሞ አራት ኪሎ ላይ አብርሆት ቤተ መጻሕፍት ተከፍቷል። ይሁን እንጂ ወንበርና መደርደሪያ ብቻቸውን አንባቢም ደራሲም አያፈሩም። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረውና በሂደት በ15 ቋንቋዎች የተካሄደው ብሔራዊ የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ያስተማረን አንድ ቁም ነገር አለ፤ ይኸውም ፊደል የቆጠረ ሰው ተከታታይ ንባብ ካላገኘ የተማረውን መልሶ የሚዘነጋ መሆኑ ነው። የንባብ ክፍሎች በየገጠሩ እንዲቋቋሙ የተደረገውም በዚሁ ምክንያት ነበር። ድርሰትም እንዲሁ ነው። አንድ ግጥም ጽፎ የተጨበጨበለት ወጣት ተከታታይ እርማት ካላገኘ፣ ያችኑ አንዷን ግጥም በልዩ ልዩ ርእስ ሲጽፍ ይኖራል።

የእርማት ሥርዐት ከሌላ አገር የምንዋሰው ነገር አይደለም። በቅኔ ቤት ተማሪው ግስና አገባብ እያጠና፣ ከሁለት ቤቱ ጉባኤ ቃና ተነሥቶ እስከ ስምንት ቤቱ መወድስ በደረጃ ይወጣል። መምህሩ ቅኔ ዘርፎ መንገዱን ያሳያል፤ ተማሪው ገለል ብሎ ይቆጥራል፤ የቆጠረውን ለመምህሩ ይነግራል፤ መምህሩም ያርመዋል። በማግሥቱ የትናንቱን ይዞ መቅረብ የለም፤ አዲስ ይቆጥራል። እዚህ ላይ መስማት፣ መፍጠርና መታረም አንድ ተግባር ናቸው። በቤተ መጻሕፍቱ ግን ሦስቱ ተለያይተዋል። የንባብ ውድድሩ በአንድ ቀን፣ የግጥም ምሽቱ በሌላ ቀን ይካሄዳል፤ በውድድሩ የሚሸለመውም ብዙ መጻሕፍት የጨረሰው ነው፤ እርማት ደግሞ ቀን አልተቆረጠለትም።

ንባብ ለድርሰት እንዴት እንደሚያገለግል አንድ ምሳሌ ላቅርብ። በ1958 ዓ.ም. የታተመውን የሐዲስ ዓለማየሁን «ፍቅር እስከ መቃብር» ብዙ ወጣቶች ያውቁታል፤ ከፊሎቹም ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ የተረከውን ሰምተዋል። ወጣቶቹ ታሪኩን እንዲያወሩ ከመጠየቅ ይልቅ፣ ጉዱ ካሳና ፊታውራሪ መሸሻ የሚናገሩበትን ገጽ እርሳስ ይዘው እንዲያነብቡ ቢደረግስ? የተናጋሪው ስም ቢሸፈን ማን እንደ ተናገረ በምን ይታወቃል? ይህን የመረመረ ወጣት የሠፈሩን ባለ ሱቅና የታክሲ ረዳት አፍ ለአፍ ሲያነጋግር፣ ሁለቱንም በራሱ አንደበት አያናግራቸውም።

አንዳንድ መምህራን እርማት የወጣቱን ሞራል ይሰብራል የሚል ሥጋት አላቸው። ሥጋቱ መሠረት የለውም አልልም፤ በሕዝብ ፊት የሚሰጥ ዘለፋ ስንት ብዕር አድርቋል። ነገር ግን ዘለፋ ሰውየውን ይነካል፤ እርማት ስንኙን ይነካል። ባሕር ያላየ ስለ ባሕር አይጻፍ ማለትም አይደለም። ለዚያች ልጅ፣ «ውኃ ስትዪ ቀድሞ ወደ ጆሮሽ የሚመጣው ድምፅ የቱ ነው?» ብላት ምናልባት ጀሪካን ሲሞላ የሚሰማውን ድምፅ ትነግረኝ ነበር። ከዚያ ድምፅ ተነሥታ ወደ ባሕሩ ብትሄድ፣ ባሕሩ የእሷ በሆነ ነበር።

በመሆኑም ሦስት ነገሮች ቢፈጸሙ እላለሁ። አንደኛ፣ እያንዳንዱ የድርሰት ስብሰባ አብረው ካነበቡት አንድ ገጽ ይጀምር። ሁለተኛ፣ ቤተ መጻሕፍቱ ለአንድ ቀን ክብር ከሚጠራቸው እንግዶች ይልቅ በየሳምንቱ የሚመጣና ለድካሙ የሚከፈለው ቋሚ አራሚ ይኑረው፤ የወጣቱም ደብተር የመጀመሪያውንና የታረመውን ጽሑፍ ጎን ለጎን ይያዝ። ሦስተኛ፣ በዓመቱ መጨረሻ የተመረጡት ጽሑፎች ተጠርዘው፣ እንደ ማንኛውም መጽሐፍ መለያ ቁጥር ተሰጥቷቸው በመደርደሪያው ላይ ይቀመጡ። የእኩያውን ሥራ ከመደርደሪያ አውርዶ የሚያነብ ወጣት፣ መጻሕፍት በሰው እጅ እንደሚጻፉ ያኔ ያምናል።

የሥነ ጥበብ ጓዶቼን የምጠይቀው ቀላል ነገር ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ስንጋበዝ፣ ከመድረኩ በኋላ የሚሆን አንድ ሰዓትና አንድ እርሳስ ይዘን እንሂድ። እኔም ወደዚያው ቤተ መጻሕፍት እመለሳለሁ፤ ልጅቱን ካገኘኋት ጥያቄዋን ሳልመልስ መሄዴን በመንገር እጀምራለሁ።