ጥርሱ በየት በኩል ይግባ?

በሲኤንሲ ፍሬዛ ላይ ለሻካራ ሥራ የመቁረጫ መንገድ ሲመረጥ፣ ብዙ ጊዜ ወሳኝ የሚሆነው ሶፍትዌሩ የሚያወጣው የደቂቃ ግምት ነው። ወዲያና ወዲህ የሚመላለሰው ዚግዛግ መቁረጫውን በባዶ ስለማያስኬደው በግምቱ አብዛኛውን ጊዜ ይቀድማል። እኔ ግን ደቂቃውን ከማየቴ በፊት የምጠይቀው ሌላ ነው፤ ጥርሱ ብረቱን የሚጀምረው በወፍራሙ በኩል ነው ወይስ በስሱ?

ስፒንድሉ በኤም 03 ሲዞር፣ መቁረጫው ብረቱን በስተቀኙ አድርጎ ከተጓዘ፣ ጥርሱ ወፍራሙን ነክሶ ይገባና ስሱ ላይ ሲደርስ ይወጣል። ክላይምብ የምንለው ይህን ነው። ጉዞው ሲገለበጥ ጥርሱ ከዜሮ ውፍረት ይነሳል። ከዜሮ የተነሳ ጥርስ ወዲያው አይነክስም፤ መጀመሪያ ያሻል። መታሸቱ ሙቀት ይፈጥራል፣ ስለቱንም ይበላል። በስቴንለስ ስቲል ላይ ደግሞ ጉዳቱ ይብሳል፤ የታሸው ገጽ ይጠነክራልና ተከትሎ የሚመጣው ጥርስ የሚገጥመው የጠነከረውን ቆዳ ነው። በክላይምብ ሲቆረጥ ግን አብዛኛው ሙቀት ከፍቅፋቂው ጋር ተጠርጎ ይሄዳል።

የቀድሞዎቹ ባለሙያዎች ያስተማሩት ተቃራኒውን ነበር፤ ልክም ነበሩ። በእጅ በሚሠራው ፍሬዛ በብሎኑና በዳዶው መካከል ክፍተት ስላለ፣ ክላይምብ ጠረጴዛውን ወደ መቁረጫው ስቦ ሥራውንም መቁረጫውንም ይሰብራል። ያንን ክፍተት በሲኤንሲ ላይ ያጠፋው ቦል ስክሩ ነው። ዛሬም ቢሆን አሸዋና ጠንካራ ቅርፊት ያለበት ካስት አይረን ሲመጣ፣ የመጀመሪያውን ዙር በድሮው አቅጣጫ መቁረጥ እመርጣለሁ። ጥርሱ ከቅርፊቱ ሥር ተነስቶ ስለሚወጣ፣ ስለቱን ቅርፊቱ ላይ አናጋጨውም።

ዚግዛግ እንግዲህ አንዱን መስመር በክላይምብ፣ ቀጣዩን በተቃራኒው ይቆርጣል። በአንደኛው ጉዞ መቁረጫው ከግድግዳው ይሸሻል፣ በሌላው ወደ ግድግዳው ይሳባል። ስለዚህ ለማጠናቀቂያ የተተወው ትርፍ አንዱ ጋ ይወፍራል፣ ሌላው ጋ ይሳሳል። አሉሚኒየም ይህን ይችለዋል። ለብረትና ለስቴንለስ ግን አልመክረውም። በግምቱ ላይ የተቆጠበው ደቂቃ መቁረጫ በመቀየርና ማጠናቀቂያውን በመድገም ያልቃል።

ከአቅጣጫው እኩል የሚያሳስበኝ ጥግ ነው። መቁረጫው የወርዱን ግማሽ እየወሰደ ቀጥ ብሎ ሲሄድ ብረቱን የሚነካው በ90 ዲግሪ ነው። ካሬ ጥግ ውስጥ ሲገባ ግን ንክኪው 180 ዲግሪ ይደርሳል፤ ማሽኑ ድምፁን የሚቀይረው እዚያ ነው። ካርባይድ ከሚሰበርባቸው ቦታዎች ዋነኛው ይህ ይመስለኛል። ስለዚህ ሥራው ረዘም ያለ ከሆነ በርዝመቱ እሄዳለሁ፣ መታጠፊያው ይቀንሳልና። ኪስ ሲሆን ከመሃል ወደ ውጭ በጥምዝ እከፍታለሁ፣ ጥጉንም በትናንሽ ክብ ጉዞዎች አወጣዋለሁ።

በስሱ የሚወስድ መንገድ ከተመረጠ ፊዱም አብሮ መስተካከል አለበት። 20 ሚሊ ሜትር መቁረጫ በጎን 2 ሚሊ ሜትር ብቻ ሲወስድ፣ በጥርስ 0.1 የሰጠነው ፊድ የሚያወጣው ፍቅፋቂ ቢበዛ 0.06 ሚሊ ሜትር ውፍረት ነው። ፊዱን ወደ 0.17 ከፍ ካላደረግነው ክላይምብ ላይ ሆነንም ማሸት እንጀምራለን። ብዙዎች እዚህ ላይ "ቀስ ይበል" ብለው ፊድ ይቀንሳሉ፤ መቁረጫውን የሚጎዳው ግን ይኸው ቀስ ማለቱ ነው።

በፖሊ ቴክኒክ ለምታስተምሩ ባልደረቦቼ አንድ ልመና አለኝ። ሰልጣኙ የሶፍትዌሩን ቁልፎች ከመልመዱ በፊት፣ አንድ ብረት ሞርሳ ላይ እሰሩለትና በአንድ መቁረጫ፣ በአንድ ፍጥነት፣ ግማሹን በአንዱ አቅጣጫ፣ ግማሹን በሌላው አስቆርጡት። ከዚያ ሁለቱን ገጾችና ሁለቱን ፍቅፋቂዎች ጎን ለጎን አስቀምጦ ልዩነታቸውን ራሱ ያስረዳችሁ።