«ዶፕሲክ» ያላሳየን በሽተኛ

ሙስሊም ቤተሰብ የአደንዛዥ ነገርን ጥፋት ለማወቅ ፊልም አያስፈልገውም። አእምሮን የሚጋርድ ሁሉ ሐራም መሆኑን ልጆቻችን ገና በልጅነታቸው ይማሩታል። እ.ኤ.አ. በ2021 አሜሪካ ውስጥ የቀረበው ባለ 8 ክፍሉ ተከታታይ ፊልም «ዶፕሲክ» ግን አንድ ተጨማሪ ነገር ያስተምራል፤ መርዙ ከጎዳና ሻጭ ብቻ ሳይሆን በሐኪም ማዘዣም ሊመጣ ይችላል። ጥያቄው፣ ትምህርቱ ሙሉ ነው ወይ? የሚለው ነው።

ፊልሙ የተመሠረተው ቤዝ ሜሲ በ2018 ባሳተመችው መጽሐፍ ላይ ነው። ማይክል ኪተን የሚጫወተው ደግ የገጠር ሐኪም፣ የኩባንያ ሻጭ ያለውን አምኖ፣ ጀርባዋ ለተጎዳ ወጣት የከሰል ማዕድን ሠራተኛ ኦክሲኮንቲን ያዝላታል። ልጅቱ ሱስ ይዟት ትሞታለች፤ ሐኪሙም ራሱ ሱሰኛ ይሆናል። ፐርዱ ፋርማ መድኃኒቱን በ1996 ለገበያ ሲያቀርብ የሱስ አደጋውን አቃልሎ ነበር። በ2007 እህት ኩባንያው፣ በ2020 ደግሞ ራሱ ኩባንያው በፍርድ ቤት ጥፋታቸውን አምነዋል። በንግድ ማታለልን ዲናችን አጥብቆ ይከለክላልና ፊልሙ ይህን ማጋለጡ የሚያስመሰግነው ነው።

ጉድለቱ ሌላ ላይ ነው። በፊልሙ ውስጥ ህመምተኛ በአመዛኙ የሚታየው የነገ ሱሰኛ ሆኖ ነው። መድኃኒቱን ለዓመታት በልክ እየወሰደ ቆሞ መስገድና ቤተሰቡን ማስተዳደር የቻለው በሽተኛ ቦታ አላገኘም። ፊልሙ በቀረበበት ጊዜ ደግሞ የሌሎችን ጥፋት ዕዳ የሚከፍለው ይኸው ሰው ነበር።

የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያ ማዕከል በ2016 ባወጣው መመሪያ፣ ሐኪሞች ከሞርፊን ጋር ተመዛዝኖ በቀን 90 ሚሊ ግራም የሚደርስ መጠን ከማዘዝ እንዲቆጠቡ፣ ካዘዙም በቂ ምክንያት እንዲኖራቸው መከረ። መመሪያው ምክር እንጂ ሕግ አልነበረም። ይሁን እንጂ ብዙ ክፍላተ ሀገር፣ የመድን ድርጅቶችና ፋርማሲዎች እንደ ሕግ ያዙት። ፈቃዳቸውን እንዳይነጠቁና እንዳይከሰሱ የፈሩ ሐኪሞች የነባር በሽተኞችን መድኃኒት በድንገት ቀነሱ ወይም አቋረጡ። በ2019 የመድኃኒት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት፣ በድንገት ማቋረጥ ለከባድ ሥቃይና ራስን እስከ ማጥፋት እንደሚያደርስ አስጠነቀቀ። የመመሪያው አዘጋጆችም በዚያው ዓመት ምክራቸው ያለቦታው እንደዋለ ጻፉ፤ መመሪያው በ2022 ተሻሻለ። በዚያው ዓመት ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ፣ ሐኪምን ለመቅጣት ያለአግባብ ማዘዙን እያወቀ ማድረጉ መረጋገጥ አለበት ሲል ወሰነ።

ማዘዣ ከ2012 በኋላ ቢቀንስም፣ በ2021 ከመጠን ባለፈ መድኃኒትና ዕፅ የሞቱት ከ100,000 በላይ ነበሩ። ለአብዛኛው ሞት ምክንያቱ በሕገ ወጥ መንገድ የሚሠራው ፈንታኒል ነው። ታዲያ የታማሚን ማስታገሻ መንጠቅ ማንን አዳነ?

የእኛ ዑለማእ ጉዳዩን የሚመዝኑበት ሚዛን አላቸው። ዶሩራ የተከለከለውን ትፈቅዳለች፤ የምትፈቅደው ግን በልኳ ብቻ ነው። የመጀመሪያው ሐሳብ ጨካኙን ተቆጣጣሪ ይገሥጻል፤ ሁለተኛው ስግብግቡን ነጋዴ። ማንም ነፍስ የሌላዋን ሸክም እንደማትሸከምም ቁርኣን አስተምሮናል።

በድሃ አገሮች ችግሩ ተቃራኒ ነው። በ2017 ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት እንደሚያሳየው፣ በዓለም ላይ በዓመት ከሚከፋፈለው 298.5 ቶን ሞርፊንና መሰል ማስታገሻ ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አገሮች የሚደርሰው 0.1 ቶን ብቻ ነው። እዚያ በካንሰር የምትሠቃይ እናት የምትሞተው ከሱስ ሳይሆን ከነሥቃይዋ ነው።

ስለዚህ ውድ አንባብያን፣ ፊልሙን ያየ ቤተሰብ በፍርሃት ብቻ አይመራ። መድኃኒቱን ከልጆች አርቆ መቆለፍ፣ ለሌላ ሰው አለመስጠት፣ ያለ ሐኪም ምክርም አለመጨመርና በድንገት አለማቋረጥ አማና ነው። ሕመምተኛ ወላጅን «ሱሰኛ ትሆናለህ» እያሉ ማሠቃየት ግን ተቅዋ አይደለም። አላህ (ሱ.ወ.) ለሕሙማኖቻችን ሺፋእን፣ ለእኛም ሚዛናዊነትን ይስጠን። አሚን።