ሹመት በዕጣ፣ በፈተናና በንጉሥ ፈቃድ

የጥንት ቻይናና የጥንት ግሪክ የሹመት ሥርዓት በታሪክ ትምህርት ጎን ለጎን ሲቀርብ፣ «ቻይና በፈተና፣ ግሪክ በምርጫ» ተብሎ በአጭሩ መታለፉ የተለመደ ነው። አባባሉ ለማስታወስ ይመቻል፤ ለማስተማር ግን አይበቃም።

በመጀመሪያ ዘመኑ አይገጥምም። አቴናውያን ከክርስቶስ ልደት በፊት ከ487 ጀምሮ አርኮን የሚባሉትን ሹማምንት በዕጣ ይለዩ ነበር፤ 500 አባላት ያሉት ሸንጎም የሚሞላው በዕጣ ነው። እጅ በማውጣት የሚመረጡት በተለይ አሥሩ የጦር አዛዦች ነበሩ። በዚያው ዘመን በቻይና ሥልጣን በአብዛኛው በዘር ይተላለፍ ነበር። የፈተናው ሥርዓት የተጀመረው በሱይ መንግሥት፣ በ605 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ገደማ ሲሆን የተሻረው በ1905 ነው። እንግዲህ የሚነጻጸሩት ሁለቱ ሥርዓቶች ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ይራራቃሉ።

ከዚህ የከፋው ጉድለት ቅርቡን መዝለል ነው። የደዶ ተማሪ የሚኖረው ከ1830 ገደማ እስከ 1932 (እ.ኤ.አ.) በቆየው የጅማ መንግሥት ምድር ላይ ነው። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየስምንት ዓመቱ ከአንዱ ምድብ ወደ ሌላው ይተላለፋል፤ በጅማ ግን ንጉሡ እየበረታ ሲሄድ ሹመት ከጅሬን ቤተ መንግሥት የሚወርድ ሆነ። ኸርበርት ሉዊስ በ1965 (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው ጥናት እንዳሳየው፣ ግዛቶቹን የሚያስተዳድሩት አባ ቆሮዎች የንጉሡ ተሿሚዎች ነበሩ፤ ባሮች እንኳ ሳይቀሩ ለኃላፊነት ይታጩ ነበር። ነገሩ ደግነት አልነበረም፤ የራሱ ወገን የሌለው ተሿሚ የሚያየው የሿሚውን ፊት ብቻ ነውና። የቻይና ነገሥታትም በፈተና ያለፈውን ሰው ሲሾሙ የመሳፍንቱን ኃይል ማዳከሚያ ማግኘታቸው ነበር። ስለዚህ ጅማን ከቻይና ጋር ማነጻጸር፣ ግሪክን ከቻይና ጋር ከማነጻጸር ይልቅ ፍሬ አለው።

ፈተናውን የፍትሕ ምሳሌ አድርጎ ማቅረብም ጥንቃቄ ይሻል። ሴቶች አይፈተኑም ነበር፤ የብዙ ዓመት ጥናቱም ልጁን ከእርሻ ነጥሎ ለመቀለብ ለቻለ ቤተሰብ ያደላ ነበር። አቴናም ሴቶችን፣ ባሮችንና መጻተኞችን ከሹመት አግዳለች፤ ሆኖም ድኻው ዜጋ ዕጣ ሲወጣለት ሥራውን ትቶ ማገልገል እንዲችል ለሸንጎ አባላት አበል ትከፍል ነበር። ይህን ለደዶ ተማሪ ለማስረዳት ብዙ መድከም አያሻም፤ ቡና በሚለቀምበት ወራት ከክፍል የሚቀረው የማን ልጅ እንደሆነ ያውቃል።