የተለወጠው ምድጃ፣ ያልተለካው ትንፋሽ

በሜጫ ወረዳ ተካሂዶ እ.ኤ.አ. በ2021 የታተመው ጥናት፣ የተሻሻለ የእንጀራ ምድጃ ማደል የሕፃናትን አጣዳፊ የታችኛው መተንፈሻ አካል ኢንፌክሽን በጉልህ እንዳልቀነሰ አሳይቷል። ጥናቱ በዕጣ የተመደቡ ጎጦችን በማነጻጸሩ ክብደት ሊሰጠው ይገባል። ይሁን እንጂ ከዚህ ተነሥቶ «ጭስ አይጎዳም» ማለት ስሕተት ነው።

ከ2,500 ሜትር በላይ የሚገኙት ዳባትና ደባርቅ ምክንያቱን ለመረዳት ይረዳሉ። እንጀራ በጥቂት ቀናት አንዴ ይጋገራል፤ ወጡና ቡናው ግን በየዕለቱ ጉልቻ ላይ ይጣዳል፣ በብርድ ጊዜም እሳቱ ለሙቀት ይነዳል። አረቄ አውጥታ የምትሸጥ እናት በሥራዋም ከጭስ አትለይም፤ ያዘለችው ሕፃንም አብሯት ይተነፍሳል። የማገዶውን ዓይነት በመጠይቅ መመዝገብ ወይም በማድ ቤት ግድግዳ ላይ መለኪያ መስቀል ይህን ልዩነት አያሳይም።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2021 ለደቃቅ ብናኝ ያወጣው የ24 ሰዓት ወሰን በሜትር ኩብ 15 ማይክሮግራም ነው። ወሰኑ ትርጉም የሚኖረው መለኪያው ሰውየው በሚውልበት ሁሉ አብሮት ሲውል ነው። ልደትና ሞትን ለረጅም ዓመታት የመዘገበው የዳባት የምርምር ማዕከል ለዚህ ተስማሚ ነው። እስከዚያው ግን ሳል ይዟት የመጣችን እናት «ትንባሆ ታጨሻለሽ?» ብቻ ሳይሆን «በቀን ስንት ሰዓት እሳት ዳር ትውያለሽ?» ብሎ መጠየቅ መሣሪያ አይፈልግም።