ቶን ወደ ፈረሱላ ሲለወጥ፤ ስለ ሚዛን ስሌት የቀረበ ሂስ

ስለ ንግድና ስለ ግብር ታሪክ በሚጻፉ ጥናቶች ውስጥ አንድ ልማድ ይታያል። ደራሲው በቶን፥ አንዳንዴም በጊጋግራም ተቆጥሮ ያገኘውን ታላቅ አኀዝ ለአገሩ አንባቢ ቅርብ ለማድረግ በማሰብ ወደ ፈረሱላ ወይም ወደ ዳውላ ይለውጠዋል። ሐሳቡ የሚነቀፍ አይደለም። ጊጋግራም አንድ ሺሕ ቶን መሆኑን የሚያውቅ ሰው እንኳ ክብደቱን በአእምሮው ለመሳል ይቸገራል፤ በቡና ንግድ ያደገ ሰው ግን ፈረሱላ ሲባል ሸክሙ በትከሻው ላይ ይሰማዋል። የሚነቀፈው ልወጣው የሚፈጸምበት አኳኋን ነው።

በዛሬው የቡና ገበያ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ነው። በዚህ ስሌት 100,000 ቶን ቡና 5,882,353 ፈረሱላ ይሆናል። አኀዙ እስከ አንዲት ፈረሱላ ድረስ የተጣራ ስለሚመስል አንባቢን በቀላሉ ያሳምናል። ነገር ግን ፈረሱላው 16 ኪሎ ቢሆን ውጤቱ 6,250,000፥ 18 ኪሎ ቢሆን ደግሞ 5,555,556 ይሆናል። ከ17 ወደ 16 መውረድ ብቻ 367,647 ፈረሱላ ይጨምራል፤ ይህም በ17 ኪሎ ሲታሰብ 62,500 ኩንታል ያህል ነው። በአንድ ጆንያ ላይ ከቁም ነገር የማይቆጠር ልዩነት በታላቅ አኀዝ ላይ ብዙ መጋዘን የሚሞላ ይሆናል።

ይህ ግምት ያለ ምክንያት የቀረበ አይደለም። ፈረሱላ በሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻ ከነጋዴ ጋር የተዘዋወረ ስም ነው፤ በዛንዚባር 35 ፓውንድ፥ ማለት 16 ኪሎ ያህል ነበር። ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1969 እና በ1970 ስለ ኢትዮጵያ መስፈሪያና ሚዛን ታሪክ ባሳተሙት ጥናት፥ አንድ ስም በየአገሩና በየሸቀጡ የተለያየ ክብደት ይዞ እንደኖረ የመንገደኞችን ጽሑፍ እያመሳከሩ አሳይተዋል። ከዚያ ጥናት አንዱን አኀዝ ብቻ መዝዞ ሌላውን የሚተው ጸሓፊ ፍሬውን ጥሎ ገለባውን ይይዛል።

የስሕተቱ ሥር ግን ከዚህ ጠልቆ ይገኛል። ባለ 17 ኪሎው ፈረሱላ ራሱ በኪሎ የተወሰነ ነው፤ ስሙ የጥንት፥ ልኩ የዛሬ ነው። የኪሎ ልክ ከግንቦት 12 ቀን 2011 ዓ.ም. ጀምሮ ፕላንክ በተባለው የማይለወጥ የተፈጥሮ መጠን ላይ የተመሠረተ ስለሆነ በቦታና በዘመን አይናወጥም። የጥንቱ ፈረሱላ ልክ ግን በገበያው ስምምነትና ሚዛኑን በያዘው ሰው እጅ ነበር። እንግዲህ የዛሬውን ቶን ወደ ዛሬው ፈረሱላ መለወጥ ያስኬዳል፤ በዚያው ቁጥር የ19ኛውን መቶ ዓመት ንግድ መለካት ግን አያስኬድም።

የዳውላ ነገር ከዚህም ይብሳል፤ ዳውላ የሚሰፈር እንጂ የሚመዘን አይደለምና። በብዙ ስፍራ 20 ቁና ይባላል፤ ነገር ግን አንድ ቁና ጤፍ ከአንድ ቁና ገብስ ይከብዳል። ደግሞም ቁናው አፉ ተጠርጎ ሲሰፈርና ተከምሮ ሲሰፈር የሚይዘው አንድ አይደለም። ዐሥራት በእህል ይከፈል በነበረበት ዘመን ለገበሬው ከሁሉ የሚበልጠው ጥያቄ ይኸው ነበር፤ ክምሩ ከልጆቹ ጎተራ የሚጎድል እህል ነውና። «በሰፈሩት ቁና መሰፈር አይቀርም» የሚለው ተረት ከዚህ ኑሮ ጋር የሚስማማ ነው። ዳውላውን ሁሉ በ100 ኪሎ አባዝቶ በቶን የሚያቀርብ፥ ወይም ቶኑን መልሶ በዳውላ የሚተረጉም ጥናት፥ ስሌቱ ቢሰምርለትም የሰፋሪውንና የተሰፈረበትን ሰው ክርክር ከታሪክ ይፍቃል።

ይህን ስንል ልወጣ ሁሉ ከንቱ ነው ማለታችን አይደለም። ወቄት በማርያ ቴሬዛ ብር ይመዘን በነበረበት ገበያ ሚዛኑ ራሱ ዛሬም በእጃችን አለ፤ አዲሱ ብር 28 ግራም ያህል ነው። በመዳበስ ብዛት ያለቀው ብር ጥቂት ይቀልላል፤ ሆኖም የስሕተቱ ወሰን የሚታወቅ ስለሆነ ተመራማሪው በእርግጠኝነት ሊናገር ይችላል። መሠረቱ በእጅ የሚገኝ ልወጣና ከስም ብቻ የተነሣ ልወጣ በአንድ ዓይን መታየት የለባቸውም።

በእኔ አስተያየት ሦስት ነገር ሊጠበቅ ይገባል። በመጀመሪያ፥ ምንጩ የጻፈው መስፈሪያና ቁጥር ሳይለወጥ ይቀመጥ። ሁለተኛ፥ ልወጣው የየትኛው አገር፥ የየትኛው ዘመንና የየትኛው ሸቀጥ እንደሆነ ከአኀዙ ጎን ይገለጽ። ሦስተኛ፥ አኀዙ በታችኛውና በላይኛው ወሰን መካከል ይቅረብ፤ «ከ5,500,000 እስከ 6,250,000 ፈረሱላ» ማለት 5,882,353 ከማለት ይልቅ እውነቱን ይናገራል። ለመመረቂያ ጽሑፍ የሚዘጋጁ ተማሪዎች የመምህራቸውን የልወጣ ሰንጠረዥ ከመገልበጣቸው በፊት ሰንጠረዡ ከየትኛው ገበያ እንደመጣ ይጠይቁ።