አኮርዲዮኑ ይተነፍሳል

ቤቱ ሁሉ ተኝቶ ጸጥ ሲል ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ የኃይሉ መርጊያን «ሸሞንሟናዬ» አልበም ስከፍት፣ ከዜማው በፊት የሚይዘኝ ትንፋሹ ነው። አኮርዲዮን ሳንባ ያለው መሣሪያ ነው፤ እንደ አንጥረኛ ወናፍ ሲከፈት አየር ይስባል፣ ሲዘጋ ያወጣል። ድምፁም በተጫዋቹ ክንድ ጉልበት ልክ ይወፍራል፣ ይሳሳል፣ ሊያልቅ ሲል ይርገበገባል። ከሥሩ ደግሞ ምንም የማይተነፍስ ነገር አለ፤ የከበሮ ማሽን። ማሽኑ አይደክምም፣ አይቸኩልም፣ ማንንም አይጠብቅም። የአልበሙ ስሜት የሚወለደው ከእነዚህ ከሁለቱ መካከል ነው።

ካሴቱ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1985 ነው። ከዚያ በፊት ኃይሉ የሚታወቀው በዋልያስ ባንድ ነበር፤ በአዲስ አበባ ሒልተን ለዓመታት ሲጫወት የኖረው፣ «ሙዚቃዊ ስልት»ን ያበረከተልን ባንድ። እ.ኤ.አ. በ1981 ባንዱ ለሥራ ወደ አሜሪካ ተጓዘ፤ ጉዞው ሲያበቃ የተመለሱ ነበሩ፣ የቀሩም ነበሩ። ኃይሉ ከቀሩት አንዱ ሆነና ኑሮውን ዋሽንግተን ላይ መሠረተ። አልበሙን የሠራው እዚያ ነው። አኮርዲዮኑን፣ ሮድስ ኤሌክትሪክ ፒያኖውን፣ ሙግ ሲንተሳይዘሩንና በዘመኑ አዲስ የነበረውን ያማሃ ዲኤክስ 7 ራሱ እየተጫወተ አንዱን በሌላው ላይ ቀዳው።

ይህ አሠራር ሲሰማ ምን ይመስላል? የዋልያስ ሙዚቃ ሰው የሞላበት አዳራሽ ነው። ኦርጋኑ አንድ ነገር ሲል ሳክስፎኑ ይቀበለዋል፣ ጊታሩ ጣልቃ ይገባል፣ ድራመሩ ሁሉንም ያጋግላቸዋል። «ሸሞንሟናዬ» ላይ ግን አኮርዲዮኑ አንድ ሐረግ ይጥልና ዝም ይላል፤ የሚመልስለት ሲንተሳይዘሩ ነው፣ አንዳንዴ እንደ ዋሽንት ቀጥኖ። ጠያቂውም መላሹም ያው አንድ ሰው ነው። ሌላ ሙዚቀኛ ሊሞላው ይችል የነበረው ቦታ ክፍት ይቀራል፤ ኃይሉም ሊደፍነው አይሞክርም። ከአገሩና ከባንዱ የራቀ ሰው ብቸኝነት በዚያ ክፍተት ይሰማኛል። ማንም «ናፈቀኝ» ብሎ አልዘፈነም፤ ናፍቆቱ ግን ክፍሉን ሞልቶታል።

ሌላው ኃይሉ በሚገባ የተጠቀመበት ነገር የዜማዎቹ ታዋቂነት ነው። «ሐሪ መሩ መሩ»ም «አምባሰል»ም ከሕዝብ አፍ የመጡ ናቸው። ድምፃዊው ቦታውን ለአኮርዲዮን ሲለቅ ግጥሙን የምናስገባው እኛ አድማጮቹ ነን። እኔ «አምባሰል»ን ስሰማ ቃላቱ የሚመጡልኝ በእናቴ ድምፅ ነው፤ ቡና እየቆላች ለራሷ ስታንጎራጉር እንደነበረው፣ ግማሹ ተሰምቶ ግማሹ በጭሱ እንደሚጠፋው። አማርኛ የማይሰማ አድማጭ እዚህ አልበም ውስጥ ጭጋግና ሕልም ብቻ ቢያገኝ አልፈርድበትም፤ ለእኛ ግን ከጭጋጉ ወዲያ የምናውቀው ሰው ቆሟል።

አልበሙ እንከን የለውም አልልም። ለ«አምባሰል» ትካዜ የተመቸው ማሽን፣ ትከሻ የሚጠራ ዜማ ሲመጣ ይከዳል። እስክስታ የሚፈልገው ምቱ በሰዓቱ መድረሱን ብቻ አይደለም፤ ጥቂት ዘግየት፣ ጥቂት ቀደም እያለ ሰውነትን የሚያባብል እጅ ይፈልጋል። ያ እጅ የለም። ካሴቱን ከዳር እስከ ዳር ሲያዳምጡትም የከበሮው ድምፅ ስለማይለወጥ አንዱ ዜማ ከሌላው መለየቱ ያስቸግራል። በአንድ ጊዜ ሦስት አራቱን እየሰሙ ማረፉ ይሻላል።

እንከኑ ከውበቱ ጋር ምን ያህል የተጋመደ እንደሆነ የገባኝ ግን እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣውን «ላላ በሉ»ን ከጎኑ አስቀምጬ ስሰማ ነው። እዚያ ኃይሉ ከባሲስትና ከድራመር ጋር ነው። ሲያዘግም ያዘግሙለታል፣ ሲግል ይግሉለታል። ደስ የሚል፣ ሕያው ሥራ ነው። የ1985ቱ ኃይሉ ግን የሚከተለው ሰው አልነበረውም፤ ማሽኑ በራሱ መንገድ ሲሄድ እሱ አኮርዲዮኑን ይዞ አንዴ ቀድሞት፣ አንዴ ወደኋላ ቀርቶ፣ በዙሪያው ይዞራል። ያ መዞር ነው ልብ የሚነካው።

በሁለቱ አልበሞች መካከል ታክሲ የነዳባቸው ረጅም ዓመታት አሉ። ያኔ ኪቦርዱ ከታክሲው የኋላ ዕቃ መጫኛ አይለይም ነበር፤ ዋሽንግተን አጠገብ ባለው ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ተሳፋሪ ሲጠብቅ አውጥቶ የኋላ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ይጫወት ነበር። ብራያን ሺምኮቪትዝ የተባለ አሜሪካዊ ባሕር ዳር ከተማ ካሴቱን አግኝቶ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 «ኦሰም ቴፕስ ፍሮም አፍሪካ» በተባለው አነስተኛ አሳታሚው በኩል እንደገና እስኪያወጣው ድረስ ኑሮው ይህ ነበር። አልበሙ ውስጥ የምሰማው ሰውም ይኸው ነው። ሰሚ ይምጣ አይምጣ ሳያውቅ፣ በጠባብ ቦታ፣ ለራሱ በጥንቃቄ የሚጫወት።

ስለዚህ «ሸሞንሟናዬ»ን በሌሊት ስሙት። ከበሮውን ለጊዜው ተዉትና የወናፉን አየር ተከተሉ፤ ሲገባ፣ ሲወጣ። ዝም ያለበት ቦታ ላይ ስትደርሱ የምታውቁት ግጥም በምትወዱት ሰው ድምፅ ይመጣላችኋል። ኃይሉ ያንን ቦታ ክፍት አድርጎ ትቶታል።