ጋፋትኛን የተሸከመው መኃልየ መኃልይ

ደብረ ታቦር ሄዳችሁ «ጋፋት» ብትሉ መልሱ መድፍ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ የአውሮፓ የእጅ ባለሙያዎችን አስፍረው በ1867 ሴባስቶፖልን ያሠሩት ከከተማዋ ጥቂት ኪሎ ሜትር ወጣ ብሎ ባለው በዚህ ኮረብታ ላይ ነው (ዓመቶቹን ሁሉ በእ.ኤ.አ. ነው የምጽፈው)። የአካባቢው ልጅ ስለሆንኩ ይሄን ታሪክ ከፊደል ጋር ነው የቆጠርኩት። መድፉ ተሠራ፣ በሰው ጉልበት እየተጎተተ መቅደላ ደረሰ፣ ከዚያ በኋላ ያለውን ታውቁታላችሁ።

ሌላም ጋፋት አለ። ጋፋትኛ ይባላል፤ የአማርኛና የጉራጌኛ ዘመድ ነው። በጎጃም፣ በዓባይ አካባቢ ሲነገር ኖሮ ዛሬ ተናጋሪ ያጣ ቋንቋ። ኮረብታውና ቋንቋው ስም ይጋራሉ። እኔን የያዘኝ ግን ሌላው የሚጋሩት ነገር ነው፦ የሁለቱም ታሪክ በመጽሐፍ ቅዱስ ትርጉም ውስጥ ያልፋል። ስለ መድፉ ብዙ ተብሏል፤ ስለ መጻሕፍቱ እናውራ።

ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጀምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ገባ። የመጣው የዓባይን ምንጭ ሊያይ ነው። ሲመለስ ከያዛቸው ጽሑፎች መካከል ግን አንድ ለየት ያለ ነገር ነበር፤ መኃልየ መኃልይን በአገሪቱ የተለያዩ ቋንቋዎች አስተርጉሞ አስጽፎታል። አማርኛ አለበት፣ አገውኛ አለበት፣ የቤተ እስራኤል ቋንቋ አለበት፣ ጋፋትኛም አለበት። የጋፋትኛው ጽሑፍ ዛሬ የሚገኘው ኦክስፎርድ፣ ቦድሊያን ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው። እኛ የሶፍትዌር ሰዎች አንድን ጽሑፍ በብዙ ቋንቋ ጎን ለጎን ስናስቀምጠው «ፓራለል ኮርፐስ» እንለዋለን፤ ኮምፒውተር ትርጉም የሚማረው ከእሱ ነው። ጎንደር ላይ በ18ኛው ክፍለ ዘመን ተሠርቶ ነበር በሉኛ!

ለምን ይሄ መጽሐፍ ተመረጠ? አንደኛ አጭር ነው፤ 8 ምዕራፍ፣ 117 ቁጥር። በዚያ ላይ በእኛ አገር ብራና መኃልየ መኃልይ የሚጻፈው ከዳዊት ጋር ነው። መዝሙሩ ሲያልቅ የነቢያት ጸሎት፣ ከዚያ መኃልየ መኃልይ፣ ከዚያ ውዳሴ ማርያም ይከተላል። ዳዊት የደገመ ሁሉ ያውቀዋል ማለት ነው። ለጎንደር ተማሪ እንግዳ መጽሐፍ አልነበረም፤ ግዕዙን በቃሉ ይዞ ወደ እናቱ ቋንቋ ማምጣት የሚችል ሰው ማግኘት አያስቸግርም።

አንድ ቋንቋ ሊጠፋ ነው፣ አንድ መጽሐፍ ብቻ ይዘህ ውጣ ቢባል መኃልየ መኃልይ ጥሩ ምርጫ ነው ወይ? እኔ በአንድ በኩል እጅግ ጥሩ ነው እላለሁ። ዜና መዋዕል ቢሆን ኖሮ የሚተርፈን «ሄደ፣ ወጋ፣ ማረከ» ነበር፤ ሁሉም ወንድ፣ ሁሉም ሩቅ። እዚህ ግን ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት ይነጋገራሉ። «አንተ» አለ፣ «አንቺ» አለ፤ እንደ አማርኛ ያለ ግሱን በጾታ የሚለውጥ ቋንቋ ሁለቱንም መልኩን ያሳያል። ሴቲቱ ስለ ራሷ በራሷ አፍ ትናገራለች፣ ትለምናለች፣ ትቆጣለች፣ ሌሊት ተነስታ ከተማውን ትዞራለች። የሰው አካል ከጠጉር እስከ እግር ይቆጠራል። ሰዋስው ለሚሠራ ሰው ከዚህ የተሻለ ድግስ የለም።

በሌላ በኩል ግን ምን እንደሌለበት እዩ። አንድ ቀን ሥራ ስፈታ በአማርኛው ላይ ትንሽ ስክሪፕት ጽፌ ቃላቱን ቆጠርኩ። እናት ደጋግማ ትመጣለች፤ አባት አንድ ጊዜም አይጠራም። ሞፈርና ቀንበር የለም፣ ገበያ የለም፣ ዕዳ የለም፣ ልቅሶ የለም። ከርቤ አለ፣ ሮማን አለ፣ የሊባኖስ ዝግባ አለ። ጎጃም ውስጥ ገብስ የሚያጭድ ሰው ቀኑን ሙሉ የሚጠቀምባቸው ቃላት እዚህ መጽሐፍ ውስጥ ቦታ የላቸውም። መጽሐፉ የራሱን አገር ይዞ ነው የሚመጣው። ሊቃውንቱ ስለ ጋፋትኛ የሚያውቁት በዋናነት ከዚህ ጽሑፍ ስለነበር፣ ለመቶ ሃምሳ ዓመት ያህል ቋንቋው የወይን ቦታ ጠባቂ እንጂ ገበሬ ሆኖ አልታየም።

ዎልፍ ሌስላው የብሩስን ጽሑፍ መሠረት አድርጎ ስለ ጋፋትኛ በ1945 መጽሐፍ አሳተመ። ከዚያ በ1946 እና 47 ራሱ ኢትዮጵያ መጣና ጎጃም ውስጥ ፈልጎ ፈልጎ አራት ተናጋሪዎች አገኘ። አራት! በ1956 የወጣው ትልቁ ጥናቱ የቆመው በእነሱ አፍ ላይ ነው። መጽሐፍ ያልያዘውን ቃል አራት ሰዎች ያዙት።

አማርኛ ከዚህ የተሻለ ዕድል ገጠመው፤ እሱም ቢሆን በአንድ ሰው ትከሻ ነው። አቡ ሩሚ ጎጃሜ ነው። በወጣትነቱ ጎንደር ላይ ለብሩስ ያስተረጉም እንደነበር ይነገራል። ብዙ አገር ዞሮ በመጨረሻ ካይሮ ላይ አስሊን ደ ሸርቪል ከሚባል የፈረንሳይ ቆንስላ ሰው ጋር ተገናኘ። ለአሥር ዓመት፣ በየሳምንቱ ማክሰኞና ቅዳሜ፣ በር ዘግተው ከዓረብኛው ቁጥር በቁጥር እያነበቡ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ መለሱት። 9,539 ገጽ፣ ሁሉም በአቡ ሩሚ እጅ የተጻፈ። ዊልያም ጆዌት በ1820 ጽሑፉን ለእንግሊዙ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ገዛው፤ አቡ ሩሚ ያኔ በወረርሽኝ ሞቷል። ወንጌሎቹ በ1824፣ አዲስ ኪዳን በ1829፣ ሙሉው በ1840 ታተመ። ሳስበው የምደነቀው በገጹ ብዛት አይደለም። ግዕዝ የሊቃውንት፣ አማርኛ የጨዋታና የችሎት ቋንቋ በነበረበት ዘመን ይህን ያህል ስድ ንባብ በአማርኛ የሚጽፍ ሰው የሚከተለው አርአያ አልነበረውም። ዐረፍተ ነገሩን እየፈጠረ ነው የሄደው።

ወደ ኮረብታው የምንመለሰው እዚህ ላይ ነው። ጋፋት የሰፈሩት ሰዎች አብዛኞቹ ባዝል አጠገብ ካለው የቅዱስ ክሪሾና ተቋም የመጡ፣ የእጅ ሙያም ወንጌልም የተማሩ ነበሩ፤ ይዘው የመጡትም ይሄንኑ የታተመ የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ነው። ንጉሡ ከመጽሐፋቸው ይልቅ እጃቸውን ፈለጉት። በዚያ ተረቱ ያለቀ ይመስላል፤ ግን ከንጉሡ ጸሐፊዎች አንዱ ደብተራ ዘነብ ነበር። የቴዎድሮስን ታሪክ በግዕዝ ሳይሆን በአማርኛ ጻፈ፤ ሊትማን በ1902 ያሳተመው እሱ ነው። በኋላ ወደ ምኒልክ ቤት ሄዶ አዲስ ኪዳንን ወደ ኦሮምኛ ተረጎመ፤ በ1870ዎቹ፣ በግዕዝ ፊደል፣ እዚያው ክሪሾና ታተመ። የጋፋት ሰዎች መድፍ ሠሩ፤ የወጡበት ቤት ፊደል ለቀመ።

የኦሮምኛው ታሪክ ግን በዘነብ አላበቃም፤ የጋፋትኛን ጉዳት ያሳየኝም ቀጥሎ የሆነው ነው። ኦኔሲሞስ ነሲብ ሙሉውን መጽሐፍ ቅዱስ ወደ ኦሮምኛ መልሶ በ1899 ክሪሾና ላይ አሳተመ። አብራው የሠራችው አስቴር ጋኖ ናት። በልጅነቷ ለባርነት ስትወሰድ ከመርከብ ላይ ነፃ የወጣች፣ ምፅዋ አጠገብ እምኩሉ የተማረች ሴት። ለትርጉሙ ሥራ ቃል ሰጠች፤ እሱ ብቻ ቢሆን ኖሮ በቂ ምስጋና ነበር። እሷ ግን ከልጅነቷ የምታስታውሰውን ተረት፣ ዘፈን፣ እንቆቅልሽ ወደ 500 የሚጠጋ ጻፈች፤ የተወሰነውም በ1894 እምኩሉ ላይ በታተመው የኦሮምኛ ንባብ መጽሐፍ ውስጥ ገባ። ቅዱስ መጽሐፉ «አብርሃም አባቱን» ሲል፣ አስቴር ደግሞ ጅብ ምን እንዳለ ትነግራችኋለች። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲቀመጡ ቋንቋው ሙሉ ሰው ይሆናል። ለእኔ የአስቴር ሥራ ከትርጉሙ የሚያንስ አይደለም፤ እንዲያውም በታሪክ መጻሕፍታችን የተሰጣት ቦታ ያናድደኛል፤ ሁሌ «ረዳት» ናት። ጋፋትኛ ብሩስን አገኘ፤ አስቴርን አላገኘም።

ይሄን የምጽፈው ለትዝታ ብዬ አይደለም። የዛሬ የትርጉም ሶፍትዌር ለትንሽ ቋንቋ ሲሠራ መጀመሪያ የሚታደነው ጽሑፍ መጽሐፍ ቅዱስ ነው፤ ቁጥር በቁጥር ተሰልፎ ስለተቀመጠ ለማሽን ይመቻል። ብሩስ ያደረገውን እየደገምን ነው። ውጤቱን በሥራዬ አየዋለሁ። አንዱን ሞዴል ስሞክር «ታክሲው መጣ» የሚለውን የእንግሊዝኛ መልእክት ሰጥቼው «እነሆ፥ ታክሲው መጣ» ብሎ መለሰልኝ። ሳቅኩ፤ ግን አማርኛ እንኳ፣ ይህን ያህል ልብ ወለድ፣ ጋዜጣና ሐሜት እያለው «እነሆ» ካለ፣ ከመጽሐፍ ቅዱስ ሌላ ምንም ያልተጻፈበት ቋንቋ ምን ሊል ነው?

የመጽሐፍ ቅዱሱ ጥፋት እንዳልሆነ ግልጽ ይሁን። መኃልየ መኃልይ ባይኖር ጋፋትኛ ከዚያም ባነሰ ነበር የሚተርፈው። ለአንድ መጽሐፍ የማይችለውን ሸክም ሰጥተን ዞር ማለታችን ነው የሚከነክነኝ።

ከጎንደር ብዙ ሳይርቅ ቅማንትኛ አለ። ዘለዓለም ልየው በ2003 ባሳተሙት ጥናት ቋንቋው ለአማርኛ ቦታ እየለቀቀ መሆኑን፣ የሚናገሩትም በአብዛኛው አዛውንቶች መሆናቸውን አሳይተዋል። ስልክ ይዛችሁ ወደዚያ የምትሄዱ ካላችሁ፣ መቅረጫውን ስትከፍቱ መጀመሪያ ስለ አባታቸው ጠይቁልኝ፤ ከዚያ ስለ በሬው፣ ከዚያ ገበያ ላይ ስለተጣሉት ሰው።